ቁናው የነጋዴው አይሁን፦ ስለ ስማርት ቆጣሪ ክርክር የተሰጠ መልስ

«ነጻ ገበያ ባለበት አገር ስማርት ቆጣሪ የመትከሉ ኃላፊነት ለሻጭ ኩባንያዎች መሰጠት አለበት» የሚለው አሳብ ባለፈው ወር በማኅበራችን የክርክር ምሽት በብዙ ድምፅ አሸንፏል። የኤኮኖሚክሱ ወንድማችን አንደበተ ርቱዕ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ከተቃዋሚው ወገን የተነሡት ተናጋሪዎች ግን ስለ ሽቦው እንኳ ሳይጨርሱ የሰብሳቢው ደወል ቀደማቸው። ድምፅ የሰጡትን አልወቅስም። ይሁን እንጂ አንድ አሳብ ጭብጨባ ስላገኘ ብቻ እውነት ነው ብለን የምንቀበል ከሆነ የተማርነው ትምህርት ምን ጠቀመን? ስለዚህ በዚያ ምሽት ያልተነገረውን እዚህ ላይ ልናገር። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ነገሩን በቅርብ ላልተከታተለ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ስማርት ቆጣሪ የምንለው፣ እዚህ እንግሊዝ አገር በየቤቱ የሚተከለው ማለት ነው፣ በየግማሽ ሰዓቱ የተፈጀውን ኤሌክትሪክ ይመዘግባል፤ አንባቢ መጥቶ በር ሳያንኳኳም ቁጥሩን በሞገድ ይልካል፤ ከዚያም አልፎ ከሩቅ ትእዛዝ ይቀበላል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ገበያውም እንዲህ የተሠራ ነው። ብሪታንያ የኤሌክትሪክ ሥራዋን በ1990 ለግል ባለ አክሲዮኖች መሸጥ ጀመረች፤ በ1999 ደግሞ ማንኛውም ቤተሰብ ሻጩን ለመምረጥ ቻለ። ከዚያ ወዲህ ኃይል የሚያመነጨው ሌላ፣ ሽቦውን ዘርግቶ የሚጠብቀው ሌላ፣ ለቤተሰቡ ሒሳብ የሚልከው ሌላ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሁለትና ሦስት ሽቦ መዘርጋት ሞኝነት ስለሆነ የመስመሩ ባለቤት በየአካባቢው አንድ ብቻ ነው፤ የሚያስከፍለውንም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይወስንበታል። ሻጮቹ ግን ብዙ ናቸው። ሻጩ ምሰሶ የለውም፣ ትራንስፎርመር የለውም፤ ያለው ውል፣ የሒሳብ መዝገብና ስልክ የሚያነሡ ሠራተኞች ናቸው። እንግዲህ ቆጣሪው የሽቦው አካል ነው ወይስ የሒሳቡ? አብዛኞቹ የአውሮፓ መንግሥታት የሽቦው ነው ብለው ሥራውን ለመስመር ባለቤቶች ሰጡ። የብሪታንያ መንግሥት ግን የሒሳቡ ነው ብሎ ለሻጮቹ ሰጠ።

እኔ ነገሩን ከእህል ገበያ አነሣዋለሁ። እናቶቻችን እህል ሲገዙ የሚከራከሩት በዋጋው ብቻ አይደለም፤ «ቁናው የማን ነው?» ብለውም ይጠይቃሉ። ነጋዴው ሁሉ የየራሱን ቁና ይዞ የሚመጣበት ገበያ ቢኖር ገዢው ነጋዴ በቀየረ ቁጥር ስፍሩም ይለወጥበታል። ኩባንያዎቹ በመጠን ያታልላሉ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ የቆጣሪን ትክክለኛነት የሚጠብቅ ሕግ አለ። የምለው ሌላ ነው። ቁናው የገበያው ሲሆን ነጋዴዎች በዋጋና በጥራት ይወዳደራሉ፤ ቁናው የነጋዴው ሲሆን ግን ነጋዴው ገዢውን በቁናው ያስረዋል። እውነተኛ ውድድር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሚዛኑን ከተወዳዳሪዎቹ እጅ ማውጣት ነበረበት። ወንድማችን በውድድር ስም ያደረገው ግን የውድድሩን መሠረት ለአንደኛው ተወዳዳሪ ማስረከብ ነው።

ይህ ተረት ብቻ አይደለም፤ የደረሰውን እንመልከት። ኩባንያዎቹ የመትከል ግዴታና የጊዜ ገደብ ነበረባቸው። ሻጮቹን ሁሉ ከቆጣሪዎቹ ሁሉ ጋር እንዲያገናኝ የታቀደው ማዕከላዊ የመገናኛ ድርጅት ግን ቀጠሮው ደጋግሞ ከተላለፈ በኋላ ሥራውን የጀመረው በኖቬምበር 2016 ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ሻጭ በየራሱ መንገድ ከየራሱ ቆጣሪ ጋር ይነጋገር ነበር፤ ድርጅቱ ከተከፈተ በኋላም ያው የመጀመሪያው ትውልድ ቆጣሪ መተከሉ ቀጠለ። የብሪታንያ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ሪፖርት እስከዚያ ከ12 ሚሊዮን በላይ ስማርት ቆጣሪዎች ተተክለው እንደነበር፣ እነዚህም ከሞላ ጎደል ሁሉም የመጀመሪያው ትውልድ እንደነበሩ፣ ደንበኛው ሻጭ ሲቀይርም ከመቶው 70 ያህሉ ስማርትነታቸውን እንደሚያጡ ገለጸ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። የገበያው ዓላማ ሰው ሻጩን በቀላሉ እንዲቀይር ነው ተብሎ ነበር፤ ገበያው ያስተከለው ዕቃ ግን ሰውየው ሻጭ በቀየረ ዕለት ይደነዝዛል! ከዚህ የባሰ ራሱን የሚያፈርስ አሠራር በየትኛው መጽሐፍ ይገኛል? በኋላ እነዚያኑ ቆጣሪዎች በማዕከላዊው ድርጅት በኩል መልሶ ለማገናኘት ሌላ ሥራና ሌላ ወጪ ተጠየቀ።

ለሁሉም ቤት በ2020 ማብቂያ ይደርሳል የተባለው ሥራ እየተገፋ እስከ 2025 ተራዘመ። ያው የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2023 እንደጻፈው እስከዚያ ዓመት መጋቢት ድረስ ስማርት የሆነው ከመቶው ቆጣሪ 57ቱ ብቻ ሲሆን፣ ከተተከሉትም ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉት በትክክል አይሠሩም ነበር። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ የስልክ መረብ ሲዘጋ ደግሞ ወደ 7 ሚሊዮን የሚሆኑት የመገናኛ ዕቃቸው ካልተለወጠ ከሥራ እንደሚወጡ ተገለጸ። መንግሥት በ2019 ባወጣው ግምት ጠቅላላ ወጪው 13.5 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። ይህን የሚከፍለው ኩባንያው ነው ብሎ የሚያምን ካለ የኤሌክትሪክ ሒሳቡን ደግሞ ያንብበው። ወንድማችን በክርክሩ ላይ «መንግሥት ራሱ ጥቅሙ ከወጪው ይበልጣል ብሏል» ማለቱ ትክክል ነው፤ የ2019ኙ ግምት ጥቅሙን 19.5 ቢሊዮን ፓውንድ አድርጎታል። ነገር ግን ይህ ለዕቃው ምስክር ይሆናል እንጂ ዕቃውን ለመትከል ለተመረጠው መንገድ ምስክር አይሆንም። መኪና ጠቃሚ መሆኑ ጠማማውን መንገድ አያቀናውም።

እኔ ከአራት ጓደኞቼ ጋር በተከራየሁት ቤት ደረጃው ሥር ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ስማርት ቆጣሪ ተሰቅሏል። ማሳያው በኩሽናው መስኮት ላይ ከሞተ ቆይቷል፤ የወጥ ማንኪያ እናስደግፍበታለን። ሒሳቡን የሚልክልን ኩባንያ ቆጣሪውን በባትሪ መብራት አንብበን ቁጥሩን እንድንልክለት በየወሩ ይጠይቀናል። አንባቢዎቻችን መካከል ይህ የማይደርስበት ሰው እንዳለ ማወቅ እወድ ነበር።

የቆጣሪው ባለቤት ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ደግሞ ሌላ ጉድ ያያል። ብዙ ጊዜ ቆጣሪው የቤተሰቡ አይደለም፣ የሻጩም አይደለም፣ የመስመሩ ባለቤትም አይደለም። ዕቃውን በገንዘቡ ገዝቶ ለሻጩ የሚያከራይ ሌላ አራተኛ ኩባንያ አለ። ደንበኛው ሻጭ ሲቀይር ኪራዩ ወደ አዲሱ ሻጭ ይዛወራል፤ ቆጣሪው ከጊዜው በፊት ቢነቀል ደግሞ የውል ማፍረሻ ገንዘብ ሊጠየቅበት ይችላል። እንግዲህ ቆጣሪ 15 ዓመት ያህል እንዲያገለግል የሚታሰብ ዕቃ ነው፤ የሻጭና የደንበኛ ውል ግን ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። የ15 ዓመት ዕቃ ለአንድ ዓመት ውለኛ! ከ2021 እኩሌታ ጀምሮ የጋዝ ዋጋ ሲንር ወደ 30 የሚጠጉ ሻጭ ኩባንያዎች ወደቁ፤ ደንበኞቻቸውም ሳይጠየቁ ወደ ሌላ ሻጭ ተዛወሩ። ሽቦው ግን ከምሰሶው አልወረደም፤ የመስመሩ ባለቤትም በየቦታው ነበረ። የማይጠፋው ማን እንደሆነ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

አሁን የሽቦውን ነገር ልጨርስ፤ ደወሉ የቀደመው እዚህ ላይ ነበርና። የቆጣሪን ቁጥር ለመላክ የግድ የስልክ ሞገድ አያስፈልግም። ምልክቱ በራሱ በመብራቱ ሽቦ ላይ ተሳፍሮ እስከ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ሊሄድ ይችላል፤ እዚያ አንድ ሰብሳቢ ዕቃ የአካባቢውን ቆጣሪዎች ቁጥር ይቀበልና በአንድነት ወደ ማዕከል ያስተላልፋል። ይህ ርካሽ ዘዴ ነው። ነገር ግን የሚያዋጣው የአንድ ሰፈር ቆጣሪዎች ሁሉ በአንድ ሥርዓት ሲተከሉ ነው። አንዱ ሻጭ በመንገዱ 4ኛውን ቤት፣ ሌላው 11ኛውን፣ ሦስተኛው ከሁለት ዓመት በኋላ 12ኛውን የሚተክል ከሆነ ሰብሳቢውን ዕቃ ለማን ብሎ ማን ያስቀምጠዋል? እንግሊዞቹ ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ የሬዲዮ ወይም የስልክ መገናኛ ለማስገባት የተገደዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሠራተኛውም እንዲሁ ይባክናል። ሰፈሩን በተራ መጨረስ የሚችለው ሰው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት መኪና ሲነዳ ይውላል፤ ጎረቤቱ የሌላ ኩባንያ ደንበኛ ስለሆነ አይነካውም።

ጣሊያኖች በሽቦው ተጠቅመዋል። ኤኔል የሚባለው ኩባንያቸው ከ2001 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጉ ቆጣሪዎች በ2 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ተከለ። እዚህ ላይ ወንድማችን «ጣሊያን በዚያን ጊዜ ለቤተሰብ ገበያው ክፍት አልነበረም» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የቤተሰቡ ገበያ የተከፈተው በ2007 ነው። ታዲያ ሲከፈት ምን ሆነ? ቆጣሪው በመስመሩ ባለቤት እጅ ስለነበረ ደንበኛው ሻጩን ሲቀይር ቆጣሪው ከነሥራው በቦታው ቀረ። ይህ ካልበቃው ወደ ስዊድን ይሂድ። ስዊድን ገበያዋን በ1996 ከፈተች። የመስመር ባለቤቶቿም አንድና ሁለት ሳይሆኑ ከመቶ በላይ ናቸው። በ2003 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ቤት ከጁላይ 2009 ጀምሮ በየወሩ በእውነተኛ ንባብ ሒሳብ እንዲደርሰው አዘዘ፤ እንዴት እንደሚያደርጉት ለመስመር ባለቤቶቹ ተወላቸው፤ እነሱም በቀኑ አደረሱ። ገበያ ነበር፣ ውድድር ነበር፣ ቁናው ግን በነጋዴው እጅ አልነበረም።

ቴክሳስንም ልጨምር፤ ቴክሳስ በሶሻሊስትነት ታምታ አታውቅም። በአሜሪካ ውስጥ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ሻጩን እንዲመርጥ አጥብቃ የገፋችው እሷ ናት። ስማርት ቆጣሪ ለማስገባት ስትነሣ ግን ሥራውን የሰጠችው ለሽቦው ኩባንያዎች ነው፤ ወጪውም በተቆጣጣሪው እየታየ በሒሳቡ ላይ ተለይቶ ተጨመረ። የነጻ ገበያ ሊቃውንት የሆኑት ቴክሳሶች ያልደፈሩትን የእኛ ክርክር ምሽት በእጅ ብልጫ ወሰነው።

ነገሩን ሚዛናዊ ለማድረግ ሳይሆን እውነት ስለሆነ አንድ ነገር እቀበላለሁ። ሥራውን ለመስመር ባለቤት መስጠት ብቻውን አይበቃም። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍለ አገር በ2006 ሥራውን ለመስመር ባለቤቶች በግዴታ ሰጠ፤ የክፍለ አገሩ ዋና ኦዲተር በ2015 ሲመረምረው ሕዝቡ በሒሳቡ ከ2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ እንደከፈለና የሚያገኘው ጥቅም ከወጪው እንደሚያንስ ገለጸ። ብቸኛ የሆነ ባለ መስመር ወጪውን ወደ ሕዝብ ትከሻ ለማውረድ ከተተወ አይሰንፍም። አብዛኞቹ ሌሎች የአውስትራሊያ ክፍላተ አገሮች ይህን አይተው ወደ ሌላው ጫፍ ሮጡ፤ ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ሥራውን ለሻጮች ሰጡ። እሱም እየተንቀራፈፈ ቆይቶ በ2023 የገበያውን ደንብ የሚያወጣው ኮሚሽን ሁሉም ቤት በ2030 እንዲዳረስ ማፋጠኛ እርምጃ ይወሰድ ብሎ ለማሳሰብ ተገደደ። ከዚህ የምረዳው ለመስመሩ ባለቤት ሥራው ሲሰጠው የዋጋ ጣሪያውም አብሮ መሰጠት እንዳለበት ነው፤ የተረፈው ትርፍ ለሕዝቡ ይመለስ፣ የጎደለው ከባለ አክሲዮኑ ኪስ ይሙላ።

ስለ ማስታወቂያው ብዙ አልልም። ሻጩ የመትከል ግዴታ ነበረበት፣ ቤተሰቡ ግን እንቢ የማለት መብት ነበረው፤ በዚህ መካከል ሕዝቡን ለማባበል ሌላ ድርጅት ተቋቁሞ ጋዝና ሌኪ የሚባሉ ሁለት የካርቱን አሻንጉሊቶች በቴሌቪዥን ሲጨፍሩ ከረሙ፤ በኋላም አይንሽታይንን የመሰለ ተዋናይ መጣ። ለዚህም የተከፈለው ከዚያው ከሒሳባችን ነው።

አሁን በልብ ይያዝልኝ ወዳልሁት ነገር ልመለስ። ቆጣሪው ከሩቅ ትእዛዝ ይቀበላል ብያለሁ። ከትእዛዞቹ አንዱ ዕዳ ያለበትን ቤት ከወር ሒሳብ ወደ ቅድመ ክፍያ ማዛወር ነው። ድሮ ይህን ለማድረግ ሰው መላክ፣ እንቢ ካለም የፍርድ ቤት ፈቃድ ማውጣትና በር ማስከፈት ያስፈልግ ነበር። አስቀያሚ ነገር ነው፤ ግን ቢያንስ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ በውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን ወይም የታመመ ሽማግሌ መኖሩን ሊያይ ይችል ነበር። ስማርት ቆጣሪ ባለበት ቤት ግን አንድ ጸሐፊ ቢሮው ተቀምጦ በጣቱ ይፈጽመዋል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ሲያልቅ መብራቱ ይጠፋል፤ ኤሌክትሪክ ተቆረጠ አይባልም፣ ሰውየው «ራሱ አልሞላም» ይባላል።

በ2022ና በ2023 ክረምት ይህ ምን እንዳደረሰ የብሪታንያ ጋዜጦች በሰፊው ጽፈዋል። ሕዝብን በነጻ የሚያማክረው ሲቲዝንስ አድቫይስ በ2022 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መሙያ ገንዘብ አጥተው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪያቸው እንደተዘጋባቸው ገመተ። በፌብሩዋሪ 2023 ፍርድ ቤቶች በግዴታ ቆጣሪ የመትከልን ፈቃድ መስጠት እንዲያቆሙ ታዘዙ፤ ተቆጣጣሪውም ኩባንያዎቹን አስቁሞ በኋላ ጥብቅ ደንብ አወጣ። ከጁላይ 2023 በፊት ደግሞ በቅድመ ክፍያ የሚገለገለው ድኻ ለዚያው ኤሌክትሪክ ከሌላው ሰው የበለጠ ይከፍል እንደነበር አይዘነጋ። በዚህ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የቆጣሪ ቁልፍና ካርድ ይዘው በሌሊት ወደ ማእዘኑ ሱቅ መሮጥ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

«ይህ የድኽነት ጉዳይ ነው እንጂ የቆጣሪ ጉዳይ አይደለም» የሚሉ አሉ። በከፊል እስማማለሁ፤ ድኽነትን ቆጣሪ አልፈጠረውም። ግን የማብሪያና የማጥፊያው ትእዛዝ በማን እጅ ይሁን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሻጩ ባለ ዕዳ ጠያቂ ነው። ባለ ዕዳ ጠያቂ ደግሞ የክሱን መዝገብ፣ ሚዛኑንና የበሩን ቁልፍ በአንድ ላይ ከያዘ ዳኛ የት ገባ? ቆጣሪው በመስመሩ ባለቤት እጅ ቢሆን ኖሮ ሻጩ «ይህን ቤት ወደ ቅድመ ክፍያ አዛውርልኝ» ብሎ ማመልከት ይኖርበት ነበር፤ የሚያመለክትለት ሰውም በዚያ ዕዳ ምንም ጥቅም የሌለው፣ በሕግ የታሰረ ሦስተኛ ወገን ይሆን ነበር። እኔ ከወጪውና ከመዘግየቱ ሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ በክርክሩ ምሽትም አንድ ሰው እንኳ አላነሣውም።

የምስጢርም ጉዳይ አለ። የግማሽ ሰዓት መዝገብ ያየ ሰው መቼ እንደምንተኛ፣ መቼ እንደምንነሣ፣ ቤቱ መቼ ባዶ እንደሆነ ለማወቅ አያዳግተውም። የሆላንድ የላይኛው ምክር ቤት በ2009 ስማርት ቆጣሪን በግዴታ የሚያስገባውን ሕግ የጣለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕጉ ተሻሽሎ የማይፈልግ ሰው እንቢ እንዲል ከተፈቀደ በኋላ ሥራው በመስመር ባለቤቶች እጅ በደኅና ሄደ።

ለሻጮቹ ምን ሊተው ነው? ብዙ ነገር። የሌሊቱን ርካሽ ኃይል በርካሽ ይሽጡ፣ መኪናውን በሌሊት ለሚሞላ ሰው የተለየ ዋጋ ያውጡ፣ ሒሳባቸውን ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጻፉ። ወንድማችን ያመሰገነው አዲስ ፈጠራ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልጋቸው ቤተሰቡ ሲፈቅድ መዝገቡን ማየት እንጂ ቆጣሪውን መያዝ አይደለም።

በአገራችን ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውና የሚሸጠው ያው አንድ የመንግሥት ተቋም ስለሆነ ጥያቄው ለጊዜው በዚህ መልክ አይነሣም። ነገር ግን ከመካከላችን ኤሌክትሪካል ኢንጂኒሪንግ፣ ሕግና ኤኮኖሚክስ የምንማር ጥቂቶች አይደለንም፤ ገበያው የሚከፈትበት ቀን ቢመጣ ረቂቁን ከሚያዘጋጁት መካከል የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች እንደሚገኙበት እገምታለሁ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዙን ደንብ እንዳለ ገልብጦ የሚያቀርብ አማካሪ አይጠፋም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ጉዳዩ እንደገና እንዲነሣ እጠይቃለሁ። የማቀርበው አሳብ ይህ ነው፦ «ለውድድር በተከፈተ የኤሌክትሪክ ገበያ ቆጣሪውን የሚተክለውና የሚይዘው የመስመሩ ባለቤት ይሁን፤ ወጪው በተቆጣጣሪው የተወሰነ ጣሪያ ይኑረው፤ መዝገቡ የቤተሰቡ ይሁን፤ ከሩቅ የመዝጋትና ወደ ቅድመ ክፍያ የማዛወር ትእዛዝ ለሻጭ አይሰጥ።» የኤኮኖሚክሱ ወንድማችን ይህን እንዲቃወም በአክብሮት እጋብዛለሁ፤ አሳቡን የሚደግፉም የሚቃወሙም ለመናገር የሚፈልጉ ሁሉ ከስብሰባው በፊት ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግቡ። ሰብሳቢውንም ለእያንዳንዱ ወገን ከ10 ደቂቃ ይልቅ 20 ደቂቃ እንዲሰጥ እለምነዋለሁ።